የክረምት ቤት

የሐምሌ አጋማሽ ነው። ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ቢሆንም ቤት ውስጥ መብራት አብርተናል። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የሰባት ዓመቱ ልጄ ቢጫውን ጀሪካን ከኩሽና ጎትቶ አመጣ። መስኮቱ ሥር አጋደመውና ወጣበት። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ «እማዬ፣ ዛሬም አንወጣም?» አለኝ።

እኔ ዓይኔ የቀረው ጀሪካኑ ላይ ነው። እዚህ ቤት ከገባን ሦስት ዓመታችን ነው። ልጄ በዚህ መስኮት ያለ ጀሪካን ወደ ውጭ አይቶ እንደማያውቅ የገባኝ ያን ቀን ነው። ሜትር አውጥቼ ለካሁ። የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ 1 ሜትር ከ20 ነው። የልጁ ዓይን ደግሞ 1 ሜትር ከ8 ላይ ነው። በመሃል 12 ሳንቲም አለ።

ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ትንሽ ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ አሮጌ አዳራሽ ሊታደስ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሰፈር ልጆች የሚውሉበት ቤት እንዲሆን ተፈልጓል። ሁለት ወር፣ ሐምሌና ነሐሴ። በቀን ወደ ስልሳ ልጅ። የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ያለው ይኸው ነው። የቀረውን አንቺ ጨርሺው ተባልኩ።

ለልጆች የዕረፍት ጊዜ ተብሎ የተሠራ ቤት ሌላው ዓለም ውስጥ ምን ይመስላል ብዬ ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ሰበብ ነው። አንድ ሳምንት ይበቃኛል ብዬ ነበር። ክረምቱ አለቀ፣ እኔ ግን አልጨረስኩም።

መጀመሪያ የራሴን ክረምት ልንገራችሁ።

ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። ክረምት ሲገባ የሰፈራችን ልጆች ለሁለት ይከፈላሉ። ገጠር አያት ያለው ይሄዳል። መስከረም ላይ ጉንጩ ሞልቶ፣ ወተት ጠግቦ፣ ስለ ላምና ስለ ጅብ የሚያወራው ሳያልቅበት ይመለሳል። ገጠር ዘመድ የሌለን እዚያው እንቀራለን። ነሐሴ 13 ለቡሄ ሆያ ሆዬ ብለን ሙልሙል እስክንሰበስብ ድረስ ቀኑ አይገፋም።

ከቤታችን ጀርባ ቁልቁለት ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ጭቃው ሙልጭልጭ ይላል። ያኔ ሸርተቴ ነው። ለሸርተቴ በቁመቱ የተሰነጠቀ ጀሪካን ያስፈልጋል። ግማሽ ጀሪካን ያለው ልጅ የዚያን ቀን አለቃ እሱ ነው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው። ሁለት ሆነን እንጫናለን። የኋለኛው በእግሩ ይገፋል። ታች ያለው ትልቅ ድንጋይ ጋ ከመድረሳችን በፊት ወደ ግራ መውደቅ አለብን። ወደ ቀኝ ከወደቅን የፈሳሽ ቦይ ነው። ያንን መውደቅ አሁንም ትከሻዬ ያስታውሰዋል። እናቴ በር ላይ ቆማ፣ «ይሄን ጭቃ ማን አጥቦ ሊጨርሰው ነው?» ትላለች። የምታጥበው ግን እሷው ነች።

አንድ ዓመት እዚያው አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ለልጆች የክረምት ፕሮግራም ተጀመረ። እናቶች ደስ አላቸው። አዳራሹ ኮርኒስ የለውም፣ ቀጥታ ቆርቆሮ ነው። መስኮቶቹ ከጭንቅላታችን በላይ ናቸው። ቀና ብንል ከደመና በቀር የሚታይ ነገር የለም። የተቀመጥንባቸው አግዳሚ ወንበሮች የተሠሩት ለትልልቅ ሰዎች ስብሰባ ነው። እግራችን መሬት አይነካም። ተንጠልጥለን እንውላለን።

አስተማሪያችን 12ኛ ክፍል ተፈትና ውጤት የምትጠብቅ ልጅ ነበረች። ስታስተምር ደስ ትላለች። ዝናቡ ሲመጣ መጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከዚያ ጣሪያው ላይ ጠጠር የተደፋ ይመስላል። የልጅቷ አፍ ሲንቀሳቀስ እናያለን፣ ድምፅ ግን የለም። ትጮሃለች፣ አይሰማም። በመጨረሻ ጠመኔውን አስቀምጣ እጇን ወደ ላይ ታነሳለች። እኛም እናነሳለን። አንድ ጣት ስታጥፍ አንድ ጣት እናጥፋለን። ዶፉ እስኪያልፍ ስልሳ ምናምን ልጅ በምልክት ብቻ ይጫወታል። እንደዚያ ዓይነት ጸጥታ ከዚያ በኋላ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ፕሮግራሙ ሦስት ሳምንት ቆየና ቆመ። ለምን እንደቆመ የነገረን የለም። አንድ ሰኞ ስንሄድ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። እኛም ወደ ጭቃችን ተመለስን።

ያ ቁልቁለት ዛሬ የለም። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈረሰ።

አሁን ወደ ንባቤ። ከዚህ በታች ስለ ውጭው ዓለም ሳወራ ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

የከተማ ድሃ ልጆችን ሰብስቦ ለዕረፍት ወደ ገጠር የመውሰድ ልማድ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ሄርማን ቫልተር ቢዮን የሚባል የዙሪክ ቄስ ነው። በ1876 ክረምት፣ የእነሱ ፀሐያማ ወር ላይ ማለት ነው፣ 68 ልጆች ይዞ ወደ አፐንዘል ተራራዎች ወጣ። ለዚያ ብሎ ሕንፃ አልሠራም። ሐሳቡ ልጆቹ አየር እንዲቀይሩ፣ ጥሩ እንዲበሉ፣ እንዲሮጡ ነው። ይህን ሳነብ እነዚያ ጉንጫቸው ሞልቶ የሚመለሱት የሰፈሬ ልጆች ትዝ አሉኝ። ቢዮን ያደረገው በእኛ አገር አያት የምታደርገውን ነው። ልዩነቱ አያት ለሌለውም ልጅ ማድረጉ ነው። እኔ አያት ከሌላቸው ወገን ስለነበርኩ ይህ ነገር ልቤን ነካው።

ሕንፃው የመጣው በበሽታ በኩል ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ጁሴፔ ባሬላይ በ1850ዎቹ አንገታቸው ሥር እጢ የሚያብጥባቸውን የድሃ ልጆች ቪያሬጆ ወደሚባል የባሕር ዳርቻ መላክ ጀመረ። ያ በሽታ የቲቢ ዓይነት ነው። በ1882 ሮበርት ኮኽ የቲቢን ተሕዋስ አገኘ። ተሕዋሱን የሚገድል መድኃኒት ግን እስከ 1940ዎቹ አልተገኘም። በመሃል 60 ዓመት አለ። በዚያ 60 ዓመት ውስጥ ሐኪም ለልጅ የሚያዘው አየር፣ ፀሐይ፣ ምግብና ዕረፍት ብቻ ነበር። ክኒን ሳይኖር ሕንፃው ራሱ መድኃኒት ሆነ። ዛሬ ዘመናዊ የምንለው የሕንፃ መልክ፣ ነጩ ግድግዳ፣ ሰፊው መስኮት፣ በረንዳው፣ የሚወጣበት ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ አብዛኛው በዚህ በኩል ያለፈ ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህን መልክ እንደ ውበት ብቻ ነበር የተማርኩት። ከጀርባው የሚያስል ልጅ እንዳለ የነገረኝ አልነበረም።

ኦጉስት ሮሊየ የሚባል ሐኪም በ1903 ስዊዘርላንድ ሌይዛን ላይ በፀሐይ ማከም ጀመረ። አሠራሩ ጥንቃቄ የበዛበት ነው። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ የሚነካው እግርን ብቻ ነው፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ይወጣል። ጭንቅላት ይሸፈናል። ይህን ሳነብ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ ደስ ብሎኝ። የጎረቤታችን እማማ እኮ ናቸው! ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። እግራቸውን ዘርግተው ሕፃኑን ጭናቸው ላይ ያስተኙታል፣ ቅቤ ቀብተው ፀሐይ ያሞቁታል። ፊቱን በነጠላቸው ጫፍ ይጋርዱለታል። መጀመሪያ እግሩን፣ ከዚያ ጀርባውን። «አጥንቱ ይጥና» ይላሉ። ፀሐዩ ሲበረታ ያነሱታል። ሰዓት አያዩም።

እዚሁ እንጦጦ ሥር ያለው ጴጥሮስ ሆስፒታልም ለብዙ ጊዜ የሚታወቀው በቲቢ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፍ መሃል። እንዲህ ዓይነት ቦታ አየር ፍለጋ የተመረጠበት ዘመን እንደነበር አሁን ይገባኛል።

ጣሊያኖች ለልጆች የሠሩትን የዕረፍት ማረፊያ ኮሎኒያ ይሉታል። ቃሉ ቅኝ ግዛት ማለትም ነው። ልጅ ለሚያርፍበት ቤትም፣ ለተወረረ አገርም አንድ ስም ነው። መጀመሪያ ሳገኘው የተሳሳተ መጽሐፍ የከፈትኩ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ያን ያህል እንዳልተሳሳትኩ ገባኝ።

ኮሎኒያን የጀመሩት ፋሺስቶች አይደሉም። ከእነሱ በፊት ማዘጋጃ ቤቶች፣ የበጎ አድራጎት ማኅበራትና ቤተ ክርስቲያን ያካሂዱት ነበር። ሙሶሊኒ ግን የልጅ ሳንባ የሚታከምበት ቦታ የልጅ ልብም የሚያዝበት ቦታ መሆኑን አየ። በ1926 ባሊላ የሚባለው የልጆች ድርጅት ተቋቋመ። በ1930ዎቹ ፓርቲው፣ ከተሞችና ፋብሪካዎች በፉክክር ኮሎኒያ ገነቡ። በአሥር ዓመቱ መጨረሻ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ልጅ ይገባባቸው ነበር። ልጁ ሲመጣ ይመዘናል፣ ሲሄድ ይመዘናል። የጨመረው ኪሎ ይጻፋል። ዩኒፎርም ይለብሳል። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል በእጁ የፋሺስት ሰላምታ ይሰጣል። ከምሳ በኋላ ይተኛል። ከዚያ በሰልፍ ወደ ባሕር።

ሕንፃዎቹ ቆንጆ ናቸው። ይህን መደበቅ አልችልም። ቼዜናቲኮ ላይ ጁሴፔ ቫካሮ በ1938 የጨረሰውን የነዳጅ ኩባንያውን የአጂፕን ኮሎኒያ ፎቶ ሳይ አሁንም እቆማለሁ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ በቋሚዎች ላይ ከአሸዋው ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ፊቱን ለባሕሩ የሰጠ ሕንፃ ነው። ቆንጆ ነገር ማየት ሥራዬ ነውና ዓይኔን መጨፈን አይሆንልኝም። ግን ሁለቱን ላሳያችሁ።

አንደኛው ካቶሊካ በምትባል የአድሪያቲክ ዳርቻ ከተማ ያለው ነው። ክሌሜንቴ ቡሲሪ ቪቺ ነደፈው፣ በ1934 ተመረቀ። አሸዋው ላይ የቆሙ መርከቦች ናቸው። ትልቁ መሃል ላይ ነው፣ አፍንጫውን ወደ ውኃው አቅንቷል። ልጆቹ የሚያድሩባቸው ትንንሽ መርከቦች በግራና በቀኝ ተሰልፈዋል። ሰዎቹ ዛሬም «መርከቦቹ» ነው የሚሏቸው። አሁን ውስጣቸው የዓሣና የባሕር እንስሳት ማሳያ ሆኗል። ያኔ የተሠሩት ግን ለማን ነው? ከጣሊያን ውጭ ለሚኖሩ ጣሊያኖች ልጆች ነው። ከሩቅ አገር መጥተው መርከብ ውስጥ ይተኛሉ፣ የባሕር ኃይል ሠራዊት እንደሆኑ እየተሰማቸው።

1934 በእኛ 1926 ነው። ከአንድ ዓመት ጥቂት አልፎ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 በእኛ አቆጣጠር፣ እውነተኞቹ መርከቦች ያራገፉት ጦር መረብን ተሻገረ። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ የሆነውን አልደግመውም። ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ቆሟል። ግን ከቤቱ ጋር የተቃጠለ ልጅ በነበረበት ዓመት ካቶሊካ ላይ የሌላው ልጅ ኪሎ እየተመዘነ እንደነበር ማሰብ አልተውኩም። ሁለቱን በአንድ ጭንቅላት መያዝ ከባድ ነው። ሁለቱንም ግን የሠራው አንድ መንግሥት ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የዚያው መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት ከሚሠራው ድርጅት ስም የወጣ ነው። ያንን ስም በየቀኑ ታክሲ ውስጥ ስንጠራው ኖረናል።

ፋሺዝም ለራሱም ልጆች አልሆነም። በሰኔ 1940 ሊቢያ ከሰፈሩ ጣሊያኖች 13,000 ያህል ልጆች ለዕረፍት ተብለው ጣሊያን ወዳሉት ኮሎኒያዎች ተላኩ። በዚያው ወር ሙሶሊኒ ጦርነት አወጀ። ባሕሩ ተዘጋ። ልጆቹ እዚያው ቀሩ፣ ብዙዎቹ ለዓመታት ወላጆቻቸውን ሳያዩ። ትንንሾቹ ገና የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ነበሩ።

ንድፉን ከሠሩትም መሃል ያልተረፈ አለ። ሌኛኖ ላይ በ1938 ለፀሐይ ሕክምና የተሠራውን ቀለል ያለ ውብ ኮሎኒያ ከነደፉት አራት ወጣቶች አንዱ ጂያን ሉዊጂ ባንፊ ነው። በኋላ ከፋሺዝም ተቃዋሚዎች ጋር ቆሞ ተያዘ፣ በ1945 ጉዘን የሚባለው የናዚ ካምፕ ውስጥ ሞተ። ኮሎኒያውም በ1956 ፈረሰ። በሙያዬ ውስጥ ስሙን ሳልሰማ 15 ዓመት በመቆየቴ አዝናለሁ።

ሁለተኛው ሕንፃ ማሪና ዲ ማሳ ያለው የፊያት ግንብ ነው። የፋብሪካው መሐንዲስ ቪቶሪዮ ቦናዴ ቦቲኖ በ1933 ሠራው። ለሠራተኞች ልጆች ነው። ከ50 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ክብ፣ ነጭ የአርማታ ግንብ ነው። ውስጡ እንደ ፎቅ ቤት ወለል በወለል አልተከፈለም። አንድ ወለል ነው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞረ ከታች እስከ ላይ የሚወጣ። አልጋዎቹ በዚያ ተዳፋት ላይ በረድፍ ተደርድረዋል። ግድግዳ የለም፣ በር የለም። ኩባንያው ጠምዛዛ መንገድን ከየት እንደለመደው ልንገራችሁ። ቱሪን ያለው የሊንጎቶ ፋብሪካው ውስጥ መኪኖች በጠምዛዛ መውጫ ነበር ጣሪያው ላይ ወዳለው የመፈተኛ መንገድ የሚወጡት።

ፎቶውን ለልጄ አሳየሁት። ብዙ ሰዓት አየው። «ማታ ሽንት ቤት መሄድ የፈለገ ልጅስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ስንት መቶ አልጋ አልፎ ነው የሚሄደው? ሁሉም ያየዋል። እናቱ ሩቅ ናት።

በዚያው ዘመን፣ ለዚያው በሽታ፣ በዚያው ፀሐይ የተሠራ ሌላ ቤት አለ። የልጆች ማረፊያ ሳይሆን የልጆች ትምህርት ቤት ነው። ግን የመጣው ከዚያው ሐሳብ ነው፣ የሠራውም ማዘጋጃ ቤት ነው።

ፓሪስ ዳር ሱሬን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከ1919 እስከ 1941 ከንቲባዋ አንሪ ሴሊየ ነበር። በ1936 የፈረንሳይ የጤና ሚኒስትር ሆኗል። የናዚ ተባባሪው መንግሥት ሲመጣ ከከንቲባነቱ አነሳው፣ በ1943 ሞተ። በእሱ ዘመን የፓሪስ ዙሪያ ማዘጋጃ ቤቶች ለሠራተኛው ልጆች ብዙ ነገር ያደርጉ ነበር። ኢቭሪ ለምሳሌ ልጆቿን በየዓመቱ አትላንቲክ ዳር ወዳለው ሌ ማት ትልክ ነበር። ሱሬን ደግሞ በራሷ ኮረብታ ላይ፣ ሞን ቫሌሪያን ተዳፋት ላይ፣ ደካማ ጤና ላላቸው ልጆች ክፍት አየር ትምህርት ቤት ሠራች። የነደፉት ኧዤን ቦዱዌንና ማርሴል ሎድ ናቸው፣ በ1935 አለቀ።

ስምንት የመማሪያ ክፍሎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ዛፍ መሃል የቆሙ። የእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ግድግዳ መስታወት ነው። መስታወቱ እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋል። ሲታጠፍ ክፍሉ ጣሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ወለሉ ከሥሩ ይሞቃል፣ ስለዚህ ቀዝቃዛ ቀንም ይከፈታል። ወንበርና ጠረጴዛው ልጅ አንሥቶ ወደ ሣሩ የሚያወጣው ቀላል ዕቃ ነው። መራመድ የሚከብደው ልጅ እንዳይቸገር በደረጃ ፈንታ ራምፕ፣ ማለትም ተዳፋት መውጫ አለ።

ግቢው ውስጥ ደግሞ አንድ ትልቅ ሉል አለ። የዓለም ካርታ የተሣለበት ከአርማታ የተሠራ ኳስ። ዙሪያውን የሚዞር ጠምዛዛ ራምፕ አለው። ልጁ በእግሩ እየወጣ አህጉራቱን ይዞራል። ጂኦግራፊ ማለት ለእነሱ እንዲህ ነበር፤ አፍሪካ ጋ ሲደርስ ቆሞ በእጁ ይነካታል።

እዚህ ላይ ብዙ ቀን ቆየሁ። ግንቡ 1933፣ ሉሉ 1935። ሁለቱም አርማታ ናቸው። ሁለቱም ጠምዛዛ መንገድ አላቸው። የግንቡ መንገድ ላይ ልጁ ከመቶዎች አንዱ አልጋ ነው፣ ከሩቅ የሚታየው ግንቡ ነው። የሱሬኑ መንገድ ላይ የሚያየው ልጁ ነው። አንድ ዓይነት ብረት፣ አንድ ዓይነት ሲሚንቶ፣ አንድ ዓይነት መሐንዲስነት። ቤቱ ሲነደፍ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ያለው ሰው በማን ዓይን ቁመት ነው ያሰበው? እኔ ሁለቱን ሕንፃዎች የምለያቸው በዚህ ነው። የዚያ አዳራሽ መስኮትም፣ የቤቴም መስኮት ትዝ አለኝ። የእኔን ቤት የነደፈው ሰው ክፉ አይደለም። ልጅ ትዝ አላለውም፣ ያ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። የመጀመሪያ ንድፌን ቀደድኩት።

አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። የእነዚህ ሁሉ ቤቶች ጌታ ፀሐይ ነው። የእኛ ልጆች ዕረፍት ግን ዝናብ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከሚያገኘው ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጅ ቤት በሚውልበት ጊዜ ነው። ጠፍጣፋ ጣሪያና የፀሐይ በረንዳ ብኮርጅ ለፈረንጅ ሐምሌ ነው የምሠራው። የእኛ የክረምት ቤት የሚያስፈልገው ክፈፉ ሰፊ የሆነ ጣሪያ ነው፤ ልጅ ሥሩ ቆሞ ሳይበሰብስ ዝናቡን እንዲያይ፣ እጁን ዘርግቶ ከአሸንዳው የሚወርደውን እንዲነካ። ቦቲ የሚደረደርበት ዝቅ ያለ መደርደሪያ። እርጥብ ሹራብ የሚሰቀልበት ሞቅ ያለ ጥግ። መስኮቶቹን ከወለሉ 50 ሳንቲም ላይ አስጀመርኳቸው። የአምስት ዓመት ልጅ ተቀምጦም ቆሞም ያይባቸዋል።

ግቢው ውስጥ አንድ ያረጀ ጽድ አለ። የአዳራሹ ወለል ከግቢው 80 ሳንቲም ከፍ ይላል። አምስት ደረጃ ይበቃው ነበር። እኔ ግን ጽዱን እየዞረ የሚወጣ ራምፕ ሣልኩ። በዊልቸር የሚመጣ ልጅ ያለ ሰው እርዳታ እንዲገባ ከፍታው በ12 መባዛት አለበት፣ 9 ሜትር ከ60 ይሆናል። ስብሰባ ላይ «ይሄ ቦታ ይበላል» ተባልኩ። «ልጆቹ ይንሸራተቱበታል» አለ ሌላው። «አዎ፣ ይንሸራተቱበታል» አልኩ። ጎን ለጎኑ ለሸርተቴ የሚሆን ለስላሳ ተዳፋት እንዳለ፣ መጨረሻው ላይ ድንጋይም ቦይም እንደሌለ አሳየኋቸው። ክርክሩ ሦስት ስብሰባ ፈጀ። ራምፑ ከንድፉ አልወጣም። ለሸርተቴው ገና እየተከራከርኩ ነው።

የቀረው ጣሪያው ነበር። ለቆርቆሮ የሚሆን ብር ብቻ ነው ያለው። ድምፁን ምን እንደሚያበርደው በወረቀት አውቃለሁ፣ ግን በጆሮዬ መስማት ፈለግሁ። ከሳይት ሁለት ቁራጭ ቆርቆሮ አመጣሁ። አንዱን እንዳለ ተውኩት። ሁለተኛው ሥር የወፈረ ስፖንጅና ጣውላ አደረግሁ። ጓሮ ሁለቱንም በብሎኬት ላይ እንደ ጠረጴዛ አቆምኳቸው። ልጄ ያለ ስፖንጅ ባለው ሥር ገብቶ ተኛ። ጎማውን ከፍቼ ውኃ ለቀቅሁበት። ስሙን ጠራሁት። ከንፈሬን እያየ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አልሰማም።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ተሸጋገረ። እንደገና ውኃውን ለቀቅሁ። ፊቱ አይታየኝም፣ የሚታየኝ ቦቲው ብቻ ነው። በሹክሹክታ ስሙን ጠራሁት።

«ሰማሁሽ» አለ።